ጺማሙ እንግዳ

ቶኩጂ ዘፈን አይችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ ዛሬ «ድምፁ ሲያምር» እያሉ የሚዋሹ ሰዎች ስለበዙ ነው። ድምፁ ዝገት የያዘው በር ሲከፈት የሚሰማውን ይመስላል። ጭፈራም አይሆንለትም፤ ክብ ሠርተን ስንዞር እርሱ ሁልጊዜ ከሰው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። እኔ ኖቡ የምባል ሴት ነኝ፤ በጃፓን ሰሜን ጫፍ፣ ሩፔናይ ባሕር ዳር፣ ከእርሱ ቤት አጠገብ ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። ከባሕር የሚያወጣውን ኮምቡ፣ ያንን እንደ ቀበቶ የረዘመ የባሕር ቅጠል፣ ጠጠሩ ላይ አብሬው አሰጣለሁ። ስለዚህ ስለ ቶኩጂ ማንም አዲስ ነገር አይነግረኝም። ደግ ሰው ነው፤ ግትርም ነው። የማወራው ስለ ግትርነቱ ነው።

በልጅነቱ መከራውን አይቷል። ትምህርት ቤት ጃፓኖቹ ልጆች «ድቡ መጣ» እያሉ የክንዱን ፀጉር ይነጩት ነበር። እኛ አይኑዎች፣ ጃፓኖች ሳይመጡ የሰሜኑ ነዋሪዎች የነበርነው፣ ፀጉራም ነን፤ ምን ይደረግ። በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት እጀ ረጅም ሸሚዝ ለብሶ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ ሲመጣ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እኔን አልነኩኝም፤ እነክስ ነበር። ሲጎለምስ ቶኪዮ ሄዶ ፎቅ ሲሠራ ኖረ። «ከየት ነህ?» ሲሉት «ከሰሜን» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ተመልሶ የመጣው እናቱ ጀልባ መጎተት ሲያቅታቸው ነው። ሲመጣም ስለ አይኑነት ትንፍሽ አላለም። እኛም አላልንም። ያን ጊዜ ሩፔናይ ውስጥ አይኑነት እንደ እከክ ነበር፤ ሁሉም አለበት፣ ሁሉም በልብሱ ይሸፍነዋል።

እናቱን ሺዙን ሰው ሁሉ «ሁቺ» ነው የሚላቸው፤ አያት እንደ ማለት ነው። ባላቸው ጌንዞ ለኮምቡ ወጥቶ ባሕር የበላው ቶኩጂ ገና አፉን ሳይፈታ ነበር። ሬሳው ሲገኝ ከከተማ የቡድሃ መነኩሴ መጥቶ ደገመለት፣ ድንጋይ ቆመለት፣ አለቀ። በእኛ ወግ የሸኘው ሰው አልነበረም። ወጉን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ያኔም አልጠፉም፤ ግን የሚጸልዩት መጋረጃ ዘግተው ነው። ሁቺም ሌላ ባል ሳያገቡ፣ ባሕሩንም ሳይቀየሙ፣ ያንኑ ጀልባ እየጎተቱ ልጃቸውን አሳደጉ።

ነገሩ የተጀመረው ኮምቡ ስናሰጣ ነው። ሁቺ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው ከቅጠሉ አሸዋ ያራግፋሉ። ቶኩጂም ስልሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው።

«ቶኩጂ» አሉ።

«አቤት እማዬ።»

«እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው።»

«ወዴት? ገበያ?»

«ወደ አባትህ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ። ስደርስ ‹እስከ ዛሬ ምን በላህ?› ብዬ በየትኛው አፌ ልጠይቀው?»

«መነኩሴው በየዓመቱ ዕጣን ያጨስለት የለም እንዴ?»

«ጭስ ያጠግባል? አንተን ያሳደግሁህ በጭስ ነው?»

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። ሁቺ ግን አልቀለዱም ነበር።

እኛ ዘንድ ሙት የሚበላው ልጆቹ የላኩለትን ነው። ምግቡ እዚህ ይቆረሳል፣ ስሙ ይጠራል፣ እዚያ ሙሉ ሆኖ ይደርሰዋል። የላከለት የሌለ ሙት የጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሌሎች ሲበሉ ያያል ይባላል። ይህን የሙታን ማዕድ ኢቻርፓ እንለዋለን። ለማዕዱ ኢናው ያስፈልጋል፤ የአኻያ ዘንግ ነው፣ በቢላ እየተላገ ፍቅፋቂው ሳይወድቅ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር የሚንዠረገግበት። በዘንጉ እግር ላይ የአባት ዘር ምልክት ይቀረጻል። የምድጃዋ አያት፣ እሳትን ማለቴ ነው፣ መልእክቱን የምታደርሰው ያንን ምልክት አይታ ነው። ምልክቱ ከተሳሳተ ምግቡ የሌላ ሰው ቤት ይገባል። ምልክቱን አባት ለወንድ ልጁ ያሳያል። ጌንዞ ለማሳየት አልደረሰም፣ ወንድም አልነበረውም፣ አባቱም ቀድሞት ሞቷል። ሴት ደግሞ በወንድ ምልክት አትገባም፤ ሁቺም አያውቁትም።

ቶኩጂ በዚያ ዕድሜው እሑድ እሑድ ከተማ እየወረደ ቀረጻ ከሚማሩ ወጣቶች መሀል ተቀመጠ። ከሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ ከሁሉ ገልቱውም እርሱ። ኮምቡ ሲቆርጥ የማይሳሳት እጅ አኻያ ሲይዝ የሌላ ሰው እጅ ይሆናል። የመጀመሪያውን ኢናው አምጥቶ ሲያሳየኝ «ይሄን ውሻ ነው ያኘከው?» አልኩት። «አይ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለኝ ከምሩ። የበረዶውን ወራት ሙሉ ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለው ሲልግ ከረመ። የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ በእርሱ ፍቅፋቂ ነደደ።

በመጨረሻ ምልክቱንም አገኘሁ አለ። በከተማው ሙዚየም፣ መስታወት ውስጥ፣ «ከሩፔናይ የተገኘ» የሚል ጽሑፍ ያለው አሮጌ የጸሎት እንጨት ተቀምጧል፤ የዘር ምልክት በእርሱም ላይ ይቀረጻል። ላዩ ላይ ሁለት ጭረት፣ ከጭረቱ ሥር የዓሣ ነባሪ የጀርባ ክንፍ ተቀርጿል።

«እኛ የባሕር ሰዎች ነን» አለ። «ክንፉ የእኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

ሩፔናይ ትንሽ ናት፤ ክንፉም ለባሕር ሰው ይመቻል። ሁላችንም አመንን። ሁቺ እንባቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ቢላህን ሳል» አሉት።

በመጀመሪያው መኸር የተሰበሰብነው በጣም ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ እነርሱም ግማሾቹ ለሾርባው የመጡ ናቸው። ቶኩጂ ጸሎቱን በአይኑ ቋንቋ ወረቀት ላይ ጽፎ እያነበበ ሳለ ነፋስ ወረቀቱን ነጠቀውና ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ሁላችንም ክው አልን። ሁቺ ብቻ «ተዋት፣ ራሷ ታንብበው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በቃሉ ነው የሚጸልየው። ሲረሳ ዝም ይላል፣ ሲያስታውስ ይቀጥላል፤ እኛም እንጠብቀዋለን።

ከዚያ ሁቺ ዓሣውን ቆርሰው «ጌንዞ» ብለው ጠሩ። በሕይወት ሳለ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ በእኛ ወግ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ሙሽራ አፍረው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ለማዕዱ ስናበስል ደግሞ አንድ የማይሻር ትእዛዝ ነበራቸው።

«ጨው እንዳትነኩ። ያ ሰውዬ ጨው አይወድም። ባሌ ሆኖ በኖረበት ዘመን ‹ጨው በዛ› ሳይለኝ የበላው እራት የለም።»

«አንድም ቀን አላመሰገነዎትም?» አልኳቸው።

«የሚያመሰግን ባል የት አይተሽ ነው?»

ስለዚህ የሩፔናይ የሙታን ሾርባ አልጫ ነው። ሕያዋኑ ፊታችንን እያጨማደድን እንጠጣዋለን።

ከዚያ ማዕድ በኋላ ሁቺ ሕልም አዩ። ሰውየው መጣ፣ በላ፣ ጠገበ፣ ሄደ አሉ። በሁለተኛው ዓመትም እንደዚያው፤ በሦስተኛውም። ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል። «አሁን ብሄድም አላፍርም» ይሉ ነበር፤ መሬት ለመሬት ይጎተት የነበረው እግራቸው ሳይቀር ቀና አለ። መንደሩም አብሮ ተነሣ። መጋረጃ ዘግተው ከውስጥ ያዩን የነበሩ ጎረቤቶች በሁለተኛው ዓመት ሳህን ይዘው መጡ። በሦስተኛው እኔ ራሴ የእናቴን ጥልፍ ልብስ ከሣጥን አውጥቼ ለበስኩ፤ ብል ትከሻውን በልቶታል፣ ቢሆንም ለበስኩት። ወጣቶቹ ቋንቋውን ጀመሩ፤ ሲሰዳደቡበት ስሰማ እንግዲህ አይሞትም አልኩ። ያ ክንዱን ይደብቅ የነበረ ልጅ አሁን ሽማግሌ ሆኖ፣ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ፣ በሰው ፊት አኻያ ሲልግ ሳየው ኮራሁበት። ለእርሱ አልነገርኩትም፤ እንዳይኮፈስ።

በአራተኛው መኸር፣ በማዕዱ ዋዜማ፣ ኤካሺ ሳንጂሮ መጡ። ሽማግሌን ኤካሺ እንላለን። ከወንዙ በላይ ካለው የተራራ መንደር ናቸው፤ ቋንቋውን አያታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው የለመዱ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የሚወርድ ሰው። ጸሎቱን እንዲያርሙለት ቶኩጂ ነው የለመናቸው። እኛ ሴቶቹ ወጥ ቤት የዳጉሳ ሊጥ እናድቦለቡላለን፤ ዓሣው ምድጃ ላይ ነው። እኔ ለሁለቱ ሻይ ይዤ ኢናዎቹ ወደተደረደሩበት የኮምቡ መጋዘን ገባሁ።

ኤካሺ አንዱን ኢናው አንሥተው አገላበጡ።

«ጥሩ ልገሃል» አሉት። «እጅህ ሰነፍ አይደለም።»

ቶኩጂ ጆሮው ቀላ። ኤካሺ የዘንጉን እግር አዩ። መነጽራቸውን አወጡና እንደገና አዩ። ሌላ አነሡ፤ ደግሞ ሌላ።

«ይህ የማን ምልክት ነው?»

«የእኛ ነው፣ ኤካሺ። የአባቴ ዘር።»

«አባትህ ማን ነበር?»

«ጌንዞ። እዚሁ ባሕር የበላው።»

«ስሙን ሰምቻለሁ። ዘመዴ ግን አልነበረም።»

«የእርስዎ ዘመድ ለምን ይሆናል?»

ኤካሺ ከብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የጸሎት እንጨት አወጡና ከኢናው ጎን አስቀመጡት። ሁለት ጭረት፤ ከሥሩ ክንፍ።

«አያቴ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት እዚህ ሩፔናይ ነበር ቤቱ» አሉ። «ክንፉን ይዞ ወጣ። ባሕር የማናይ ሰዎች ዓሣ ነባሪ እየቀረጽን የተራራው ሰው ሲስቅብን ኖሯል።»

የሙዚየሙ ጽሑፍ አልዋሸም፤ እንጨቱ ከሩፔናይ ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። ሻዩን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

«ስንት ዓመት ደገስህ?» አሉ ኤካሺ።

«ሦስት።»

ሽማግሌው ጺማቸውን ጨብጠው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው፤ መነጽራቸው ወደቀ።

«እኔ ጉልበቴን ታምሜ እነዚህን ዓመታት አልደገስኩም» አሉ። «የእኔ አባቶች ሲርባቸው ሕልሜ ላይ መጥተው የሚጮሁ ናቸው። ምነው ዝም አሉኝ እል ነበር። ለካ እዚህ ሲጋበዙ ነው የከረሙት።»

ቶኩጂ አልሳቀም። ኢናውን ከእጃቸው ተቀብሎ ምልክቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ ታዲያ ሦስቱን ዓመት ምን በላ?»

ከወጥ ቤት የሁቺ ድምፅ ይሰማል፤ ሴቶቹን ስለ ጨው እየተቆጡ ነው።

ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ለሁቺ ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት። «ነገ ያለ ክንፍ ሌላ ትቀርጻለህ፣ ወይም ምንም አትቀርጽም፣ እሳቸው አያዩትም። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ደስ ብሏቸው ይሙቱ።»

«እውነቷን ነው» አሉ ኤካሺ። «እኔም ምንም አላየሁም። ዓይኔ ደካማ ነው።»

ቶኩጂ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ዓመት ሳላውቅ ውሸት አበላኋት። አራተኛውን እያወቅሁ አላበላትም።»

«ደንግጠው ቢሞቱብህስ?»

«ብትሞት የምትሄደው እሱ ዘንድ አይደል? እዚያ ደርሳ ከእሱ ከምትሰማ፣ ከእኔ ትስማ።»

ግትር ነው አላልኳችሁም? እኔ ብሆን እደብቅ ነበር፤ ደብቄም ለሰላም ነው እል ነበር። ያን ጊዜ ተናድጄበታለሁ። አሁን ሳስበው፣ የሩፔናይን ሰው ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ያወጣው ይኸው ባሕርዩ ነው። መሸፈን አይችልበትም። ልጅ ሳለ ክንዱን፣ ቶኪዮ ሳለ ዘሩን ከሸፈነ በኋላ፣ ደግሞ ሌላ ነገር ለመሸፈን ቦታ አልቀረውም።

እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጠጠሩ አወጣቸው። እኔም ተከተልኩ፤ ጆሮዬን ይዤ መቅረት አልሆነልኝም። ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ እንደሆነው ነገራቸው። ሁቺ ባሕሩን እያዩ ሰሙ። ሲጨርስ ከጠጠሩ መሀል የተረሳ ደረቅ ኮምቡ አንሥተው እየቆራረሱ በጭናቸው ላይ ያከማቹ ጀመር። እርሱ ራሱን ደፍቶ ይጠብቃል።

«ሦስቱንም ዓመት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሦስቱንም።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ ማን ነበር?»

«የቱ ሰውዬ፣ እማዬ?»

«ሕልሜ ላይ የሚመጣው።»

ቶኩጂ ራሱን ቀና አደረገ።

«ትልቅ ጺም አለው» አሉ ሁቺ። «እዚህ ድረስ። አባትህ ሲሞት ጺሙ ገና እዚህም እዚያም ነበር። ሞት ተስማምቶት ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞ ያመሰግነኛል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ‹ሾርባሽ እንዴት ይጥማል› ይለኛል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጌንዞ ምግቤን አመስግኖ ያውቃል?»

እኔ አልቻልኩም፣ ሳቄ አመለጠኝ። ሁቺም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰበረና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ስሙን እየጠራሁት እኮ ነው» አሉ። «ስሙ ሲጠራ እየሰማ፣ ደጅ ቆሞ ያንን ሰውዬ ሲበላ ያየዋል።»

ቶኩጂ ግንባሩን ጠጠሩ ላይ ደፋ። እኔም መሳቄን ረገምኩ። እንዲህ ሆነን ሳለ ኤካሺ ሳንጂሮ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ወጡ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ከሁቺ ፊት ለፊት፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ እንደምንም ተንበርክከው እጅ ነሡ።

«ሁቺ፣ ያ ጺማሙ አያቴ ነው» አሉ። «በሕይወቱም ሆዳም ነበር። ስለ እርሱ እኔ አፍራለሁ።»

ሁቺ ጣቶቻቸውን ከፍተው አዩአቸው። «አፉ ግን ጨዋ ነው» አሉ።

«ጨዋ ከሆነ ውለታ ያውቃል ማለት ነው። ነገ እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ምድጃ፣ በእኔ ምልክት እኔ እጠራቸዋለሁ። ሲመጡ ‹ሦስት ዓመት የሰው እራት በልታችኋል፤ ደጃችሁ ላይ የቆመውን ልጅ እጁን ይዛችሁ አስገቡት› እላቸዋለሁ።»

«ወጉ ይፈቅዳል?» አለ ቶኩጂ ቀና ሳይል።

«ወጉን አጥርተው የሚያውቁት ሞተዋል። ነገ ሲመጡ እነሱኑ እጠይቃለሁ።»

ክንፍ ያለባቸው ኢናዎች አልባከኑም፤ ባለቤታቸውን አገኙ። ኤካሺ ለቶኩጂ ግን «ለራስህ አዲስ ምልክት አውጣ» አሉት። «ምልክት ከሰማይ አልወረደም። አንድ ቀን አንድ ሰው ቢላ ይዞ ነው የጀመረው።»

«አባቴ አያውቀውም» አለ ቶኩጂ። «የማላውቀውን አላውቅም ብል ይሻለኛል። አንድ ኢናው እልጋለሁ፤ የምልክቱን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። የምድጃዋ አያት ‹ይሄ የማን ነው?› ብላ ትጠይቅ። ስትጠይቅ እማዬ ትነግራታለች።»

ያንን ኢናው ሲልግ ከጎኑ ተቀምጬ አየሁት። እንደዚያ የሚያምር ሠርቶ አያውቅም። ፍቅፋቂው አንዱ ሳይበጠስ እስከ ታች ወረደ፤ እግሩ ላይ ግን ነጭ እንጨት ብቻ ነው፤ አንድም ጭረት የለበትም።

በማግስቱ ሩፔናይ ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ነገሩን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ጣታቸውን ወደ እኔ የሚቀስሩ አሉ። ሁሉም ለሁለት ቤት ሙታን የሚበቃ ምግብ ይዞ መጣ። ኤካሺ አባቶቻቸውን ጠሩ፤ ጸሎታቸው ረጅም ነው፣ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ሲገሥጿቸው ግን ድምፃቸው ለየ። ከዚያ ለቶኩጂ ቦታ ለቀቁ። እርሱ ያጠናውን ጸሎት ተወው።

«አያቴ» አላት እሳቷን፣ በዚያ በዛገ ድምፁ። «ይህ ዘንግ ምልክት የለውም። አባቴ ሊያሳየኝ አልደረሰም። ስለናቅሁት አይደለም ያላወቅሁት።» እዚህ ላይ ቃል ጠፋው። ማንም አላስታወሰውም፤ የምናስታውሰው ነገርም አልነበረም። እሳቱ ተንጣጣ። «ለረጅም ጊዜ ተደብቄ ነበር» አለ። «አሁን እዚህ ነኝ። ንገሪው።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ የተማሩ ሰዎች በጥሩ ድምፅ ሲጸልዩ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች አጭር ጸሎት የገባኝ የለም።

ሁቺ ዓሣውን ቆረሱ። መጀመሪያ የኤካሺን አያት በስሙ ጠሩና «ብላ፣ አንተ ጺማም» አሉት። «ስትበላ ግን ጎንህን እይ።» ቀጥለው «ጌንዞ» አሉ። ያን ቀን አፋቸውን በእጃቸው አልያዙም። ባሕሩ ድረስ እንዲሰማ ነው የጠሩት።

ከዚያ በኋላ የሁቺን ሕልም መጠበቅ መጣ። በየማለዳው በአጥሩ ላይ አንገቴን እሰግጋለሁ፤ ሁቺ ዝም፣ ቶኩጂም ዝም። እርሱ አይጠይቃቸውም። ቢጠይቃቸው ልጃቸውን ለማስደሰት ሲሉ «በሕልሜ አየሁት» ይሉት ይሆናል ብሎ ፈርቷል። እሳቸው በልተው ይተኛሉ፣ ሲነሡ እሳቱን አይተው ዝም ይላሉ። ቶኩጂ ከሳ። የመኸሩ ዓሣ አለቀ፣ የወንዙ ዳር በረዶ መያዝ ጀመረ። እኔ በልቤ፣ ብትደብቅ ምን ነበረበት እያልኩ እረግመው ነበር።

አንድ ማለዳ የተቀቀለ ዱባ ይዤላቸው ገባሁ። ሁቺ ምድጃው ዳር ናቸው። ቶኩጂ የኮምቡ መንጠቆውን እጀታ ይጠግናል።

«መጡ» አሉ ሁቺ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የቶኩጂ እጅ ቆመ።

«ሁለት ናቸው። ጺማሙ ከፊት ነው፤ ያኛውን እጅጌውን ይዞ ‹ግባ እንጂ› እያለ ይጎትተዋል። ያኛው ደጃፉ ላይ እግሩን ሲጠርግ ቆየ። ሰው ቤት መግባት ድሮም ያፍራል።»

«ጺም አለው?» አልኩ።

«ምን ጺም አለው። እዚህም እዚያም።»

«ከዚያስ፣ እማዬ?» አለ ቶኩጂ።

«ተቀመጠ። ጺማሙ ሾርባውን አቀረበለት። ሳህኑን በሁለት እጁ አነሣ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። አንድ ጊዜ ቀመሰ።» ሁቺ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «‹ጨው በዛ› አለኝ።»

ቶኩጂ መንጠቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ በዚያ ሁሉ ሽበቱ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያንን ሾርባ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁንጥር ጨው አላስነካሁትም።